ቀሃ ያልደረስኩባቸው ቀኖች

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጎንደር

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «አቶሙን ቶሎ ቶሎ ካዩት መለወጡን ይተዋል» ስልሽ ደንገጥ ብለሽ «ቡዳ ነው ወይ?» አልሽኝ። ሳላስረዳሽ ስልኩ ተቋረጠ፤ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ዓይን አይደለም እማዬ። እኛ ማየት የምንለው ብርሃን መላክን ነው። ብርሃኑ አቶሙን ነክቶ ወሬውን ይዞ ይመለሳል። በአጠገቡ ሰው ባይኖርም ያው ነው።

ልጅ ሳለሁ ቀሃ ልዋኝ ስሾልክ ታስታውሻለሽ? ከደጃችን እስከ አጥሩ እግሬን እየጎተትኩ ነበር የምሄደው፤ ሩጫው ከአጥሩ ወዲያ ነው። አንቺ ጥጥ እየፈተልሽ፣ እንዝርቱ ባረፈ ቁጥር «ልጄ፣ አለህ?» ትያለሽ። «አለሁ» ብዬ እመለሳለሁ። እንደገና ከደጁ፣ እንደገና ቀስ ብዬ። ወንዙን ሳላይ ይመሻል።

የአቶምም አጀማመር እንዲሁ ዝግ ያለ ነው። በዚያች መጀመሪያ ላይ የቆይታው ጊዜ በግማሽ ሲያጥር የመለወጥ ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በብርሃን ቶሎ ቶሎ «አለህ?» ተብሎ ከተጠየቀ ጥያቄው ራሱ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ሚስራና ሱዳርሻን የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ነገሩን በግሪካዊው ፈላስፋ በዜኖ ስም ጠሩት፤ የተወረወረ ቀስት አይንቀሳቀስም ብሎ የተከራከረው ሰው ነው።

በ1990 አሜሪካ፣ ቦልደር ከተማ፣ ኢታኖና ባልደረቦቹ 5,000 ያህል የቤሪሊየም አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያዘሉ አቶሞችን፣ በሬዲዮ ሞገድ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ገፏቸው። መሐል ላይ በብርሃን ካልጠየቋቸው በ256 ሚሊ ሰከንድ፣ በሩብ ሰከንድ ያህል፣ ሁሉም ይሻገራሉ። መሐል ላይ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ሲጠይቋቸው ግማሾቹ ብቻ ተሻገሩ። 64 ጊዜ ሲጠይቋቸው ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንደ ራዲየም በራሱ ጊዜ ጨረር እየረጨ የሚለወጠውን አቶም ግን እንዲህ ማስቆም አልተቻለም፤ ዝግ የምትለው ጊዜ እጅግ አጭር ናት፣ አይደረስባትም። ደግሞም ጥሪው ከዘገየ ነገሩ ይገለበጣል። አጥሩን ካለፍኩ በኋላ ስትጠሪኝ ይብስ እሮጥ አልነበር? በ2001 ቴክሳስ ውስጥ የራይዘን ቡድን በብርሃን ወጥመድ የያዛቸው የሶዲየም አቶሞች በተደጋጋሚ ሲለኩ ማምለጣቸው ዘገየ፤ በአንዱና በሚቀጥለው ልኬት መካከል ያለውን ጊዜ ሲያስረዝሙት ግን ፈጠነ።

እማዬ፣ አንድ ቀን ሸሚዜን አርጥቤ መጥቼ «ዝናብ ነው» ያልኩሽ ቀሃ ደርሼ ነው። ያን ዕለት ጎረቤት ቡና ጠርታሽ እንዝርቱ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ልጅሽ