ባዶው ታንክ፦ የአቪየሽን ክበብ በ2017 ዓ.ም

ጥቅምት ላይ፣ በመጀመሪያው ስብሰባችን፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «የአውሮፕላን ነዳጅ የት ነው የሚቀመጠው?» አብዛኞቹ ተማሪዎች «ጭራው ውስጥ» አሉ። አንዱ «ከወንበሮቹ ሥር» አለ። «ክንፉ ውስጥ» ያለችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብቻ ናት። እሷም «ገምቼ ነው፣ ቲቸር» አለች።

ያቀድነው ሌላ ብዙ ነገር ነበር። የወረቀት አውሮፕላን ውድድር አካሂደናል፤ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል። ልጆቹን የያዛቸው ግን ነዳጁና እሳቱ ነው።

ለነዳጅ ማስቀመጫ ክንፉ ለምን ተመረጠ? ረጅም የላስቲክ ማስመሪያ መሃሉን ይዘን ጫፎቹን በጣት ወደ ላይ ገፋን። እንደ ቀስት ጎበጠ። ከዚያ ግራና ቀኙ ላይ ውሃ የያዙ ትንንሽ ፌስታሎች አንጠለጠልን። በዚያው ግፊት ጉብጠቱ ቀነሰ። አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ሲገፋ የነዳጁ ክብደት ወደ ታች ይይዘዋል ማለት ነው። አንዱ ፌስታል ፈነዳና የአንድ ተማሪ ደብተር ታጠበ፤ ይቅርታ ጠይቀናል።

ጄት ኤ-1 የሚባለው ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እማዬ ምድጃ ላይ የምትጨምረው?» አዎ፤ ቁጥጥሩ የጠበቀ መሆኑ ነው እንጂ። ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ድረስ እንዳይረጋ ይፈለጋል። ደግሞ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ተኑ በእሳት ብልጭታ ለመያያዝ ነዳጁ ቢያንስ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት።

እዚህ ላይ ቲ.ደብሊው.ኤ የተባለውን የአሜሪካ አየር መንገድ የበረራ 800 ታሪክ አመጣሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳ ቦይንግ 747 ከ12 ደቂቃ በኋላ አየር ላይ ፈነዳ። 230 ሰው አለቀ። የፈነዳው የሆዱ መካከለኛ ታንክ ነው፤ ያውም ባዶ ሊባል ትንሽ የቀረው። ከሥሩ ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች አሙቀውት ተኑ ከአየር ጋር ተደባልቆ ነበር። መርማሪዎቹ መነሻው የኤሌክትሪክ ሽቦ መገናኘት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሞላ ታንክ ይልቅ ባዶው እንደሚያስፈራ ማንም አልጠበቀም።

መፍትሔው ኦክስጅኑን መቀነስ ነው። ከአየሩ ኦክስጅኑን አጣርቶ በናይትሮጅን የበዛ አየር ታንኩ ውስጥ መሙላት። ይህን በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ አሳየን፤ የእኛው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን አረፋው ገንፍሎ ሻማውን አረጠበው፤ ተሳቀብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጋዙን ብቻ ቀስ አድርገን ስናፈስ ሻማው ድርግም አለ። ምንም ሳይነካው!

የሒሳብ መምህራችንም መጋቢት ላይ ተጋብዘው የአየር ካናዳውን ቦይንግ 767 የነዳጅ ስሌት አስሰሩን። እ.ኤ.አ. በ1983 መለኪያው ስላልሠራ ነዳጁ በዘንግ ተለካ። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነበር። ታንኩ ውስጥ 7,682 ሊትር ተገኘ። ሊትሩን ወደ ኪሎ ለመቀየር በ0.8 ገደማ ማባዛት ሲገባ፣ ሊትርን ወደ ፓውንድ (ሌላ የክብደት መለኪያ) የሚቀይረውን 1.77 ተጠቀሙ። ልጆቹ ሲያሰሉት 20,000 ሊትር ገደማ መጨመር ነበረበት፤ የተጨመረው 4,917 ብቻ ነው። ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ግን እንደ አሞራ አንሳፍፈው ጊምሊ በሚባል የቀድሞ አየር ኃይል ሜዳ አሳረፉት። 69ኙም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በፊዚክስ ፈተና ላይ አሃድ የሚረሳ የክበብ አባል አልገጠመኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቀንሷል።

ግንቦት ላይ ስለ ሞተር እሳት ተማርን። አብራሪው የእሳት እጀታውን ሲስብ መጀመሪያ ነዳጁ ይቆረጣል። እጀታውን ሲያዞረው ሃሎን የሚባለው ጋዝ ከጠርሙሱ ይለቀቃል። ጠርሙሱ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ይመረመራል።

ያቺው ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነስታ ወደ ላብራቶሪያችን በር ሄደች። እዚያ የተሰቀለውን እሳት ማጥፊያ የግፊት መለኪያ አየችው። «ቲቸር፣ መርፌው ቀይ ላይ ነው።»

ለስንት ጊዜ ቀይ ላይ እንደቆየ እንጃ። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ። ሰኔ ላይ ተሞልቶ ተመለሰ፤ አሁን አረንጓዴ ላይ ነው። እስከ ማጠቃለያ ፈተና ድረስ ሰኞ ሰኞ ጠዋት መርፌውን እያየች በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ትመዘግብ ነበር።