ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ስለ ጎማና ዘይት

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ እንወርዳለን። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያላቸው ፈጣን መኪኖች በዝተዋልና ትንሽ ልበል።

ክረምቱ ገና አልወጣም። ጥርሱ የሳሳ የውድድር ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ነክሶ ይይዛል፤ ውሃ ላይ ግን ይንሳፈፋል። የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ቀይሩት። ስትገዙ ጎኑ ላይ «DOT» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ ቢምልም ቁጥሩን እመኑ። ጎኑ በጣም አጭር የሆነውን ጎማ እኔ አልመክርም። ያምራል፣ አልክድም፤ ግን አንድ ጉድጓድ ከነካው ቸርኬውም አብሮ ይሄዳል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ዘይት ስታዩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩን አጥፍታችሁ አስር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መለኪያዋን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ ከታየ ደህና ነው። ከላይኛው ማለፉም ጉዳት አለው፤ «ለማንኛውም ትንሽ ልጨምር» የሚባል ነገር ይቅርብን። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ያየ ሰው ከቤቱ አይነሳ፤ ውሃ ገብቶበታል።

ቱርቦ የሚቀባው በዚሁ ዘይት ነው። ዳገቱን ጨርሰን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይስራ። ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ (ቁጥሩ ዝቅ ባለው) ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል።

ስኮርታና ክሪክ ያልያዘ አብሮን አይሄድም።