ሞረዱን ወዲያ በሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ናችሁ? ስለ ውርስ ሽጉጥ ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ግን «ማነጣጠሪያው ካስቸገረ ብረት ሠሪ ይሞርደዋል» ብላችሁ ማለፋችሁ ወላሂ አናደደኝ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በቶርኖ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። መሣሪያ አልጠግንም፤ ሰው ግን ይዞ መምጣቱን አልተወም።

የማወራው ፈቃድ ስላለው ሽጉጥ ነው። የሌለው ሰው መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያንብብ፣ ማነጣጠሪያው ይቆየው።

አሮጌ ስድስት ጎራሽ ላይ ብዙ ጊዜ የኋላ ማነጣጠሪያው ራሱ አካሉ ላይ የተቦረቦረ ቦይ ነው። ብሎን የለው፣ የሚዞር ነገር የለው። የፊቷ ደግሞ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመች ቀጭን ብረት ናት፣ ስለዚህ ሁሉም የሚነሳው እሷ ላይ ነው። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ሲመታ «ትንሽ ልሞርዳት» ይላል። እውነት ነው፣ እሷ ስታጥር ጥይቱ ከፍ ይላል። በምን ያህል? በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል፤ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትቀንሱ 15 ሜትር ላይ ባለ ዒላማ ጥይቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል። 1 ሚሊ ደግሞ ለሞረድ ምንም አይደለም፣ ወሬ ስትጨርሱ አልቋል። በብየዳ ይሞላል እንዳትሉኝ፤ አፈሙዝ ላይ እሳት መልቀቅ የብረቱን ጠባይ ያበላሸዋል።

መጀመሪያ ጥይቱን ቀይሩ። ባለ 38 (38 የጥይቱ የውፍረት ቁጥር ነው) ሽጉጥ ላይ ከባዱ እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ክፍል፣ ከፍ፣ ቀላሉ ዝቅ ብሎ ይመታል። የተገላቢጦሽ ይመስላል አይደል? ከባዱ ቀርፋፋ ነው፣ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ሽጉጡ ተራግጦ ቀና ይላል። ቋሚ ማነጣጠሪያ ያለው 38 ብዙውን ጊዜ የተቃኘው 10 ግራም ገደማ ለሚመዝነው እርሳስ ነው። በ7 ግራሙ ተኩሶ «ዝቅ አለብኝ» የሚል ሰው ሽጉጡን አይማ።

ችግሩ አለመታየት ከሆነ አብሽሩ፣ ኩቴክስ ይበቃል። ጥይቱን አውጡ፣ ባዶ መሆኑን ደግማችሁ እዩ፣ የፊቷን በአልኮል ጥረጉና ዘይቱ ይልቀቅ። ነጭ ቀቡ፣ ይድረቅ። ከዚያ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ደርቡበት። ነጩ ከሥር ከሌለ ቀለሙ ደብዝዞ ይቀራል። ፀሐይ እያንጸባረቀ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ በኩራዝ ጥቀርሻ ያጥቁራት፤ የውድድር ተኳሾችም ማነጣጠሪያቸውን በጭስ ያጠቁራሉ።

ከፋብሪካው በብሎን የሚዞር ማነጣጠሪያ የተገጠመለት ከሆነማ ልክ የሚሆን ካቻቪቴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት የኋላውን አንቀሳቅሱ። የሌለው ላይ ለመግጠም ግን አናቱን አትብሱ፣ እዚያ ጋ ብረቱ ስስ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ይሄ እኮ የመቅደላ ዘመን ነው» እያለ ያመጣል። ቴዎድሮስ በ1860 እዚችው ወሎ ምድር የተሰዋበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር፤ እውነት የዚያ ዘመን ዕቃ በእጃችሁ ካለ ቀለምም አትቀቡት።

እርማቱን ቅዳሜ ሳይደርስ አውጡልኝ። አንድ ደንበኛዬ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ እመጣለሁ ብሎኛል፣ ከእኔ ይልቅ ደግሞ ጋዜጣ ያምናል።

የቶርኖ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ