ለአገር ውስጥ ምርት የተፈቀደው ልዩ አስተያየት ከጨረታ ሰነድ አይቅር

ለመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን የሥራ ኃላፊዎች፤

የምሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጨረታ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለአገር ውስጥ አምራች የተሰጠው መብት ወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ማየት ስላንገበገበኝ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የግዥ መመሪያ ልዩ አስተያየቱን፣ ማለትም ዋጋ ሲወዳደር ለአገር ውስጥ ተጫራች የሚሰጠውን ብልጫ፣ በቁጥር አስቀምጦት ነበር፦ አገር ውስጥ ለተመረተ መድኃኒት 25 በመቶ፣ ለሌሎች ዕቃዎች 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ። በዚህ ስሌት ከውጭ የመጣ የሆስፒታል አንሶላ በ1,000,000 ብር ቢቀርብና ደረጃውን ያሟላው የእኛ ምርት 1,120,000 ብር ቢሆን አሸናፊው የእኛ ነው።

ችግሩ ዋጋ ከመከፈቱ በፊት መውደቃችን ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ተጫራቹ ከአምራቹ የተጻፈ የውክልና ደብዳቤ እንዲያያይዝ ያስገድዳል፤ ራሱ አምራች ለሆነ ተጫራች ግን ቦታ አልተወለትም። ዕቃው በ30 ቀን እንዲገባም ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ዕቃውን መጋዘን አከማችቶ ለሚጠብቅ አስመጪ ይበቃዋል፤ ጨርቅ ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶና ተኩሶ ለሚያስረክብ ግን አይበቃም። የጨርቁ ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ መጻፍ ሲገባው፣ ከውጭ የመጣ ናሙና ተቀምጦ «ይህን የሚመስል» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰነድ ማንንም በስም ሳያገልል የአገር ውስጡን ያስወጣል።

ልዩ ሁኔታ አይኑር አልልም። እዚህ የማይመረት የኩላሊት እጥበት መሣሪያ ከውጭ ይገዛ፤ ሕመምተኛ ፋብሪካ እስኪተከል አይጠብቅም። የማልቀበለው «ዓለም አቀፍ ስምምነት አስሮናል» የሚለውን መልስ ነው። በዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ የመንግሥት ግዥ ስምምነት የሚያስገድደው ፈልገው የገቡትን አባላት ብቻ ነው። አገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ድርጅቱን ለመቀላቀል ስትደራደር ቆይታለች፤ ተደራዳሪዎቻችን ይህን መብት በችኮላ እንዳይለቁት አደራ እላለሁ። በብድር የሚሠራ ፕሮጀክትም ቢሆን በር አልተዘጋበትም። የዓለም ባንክ የግዥ ደንብ ራሱ በዓለም አቀፍ ጨረታ ለአገር ውስጥ ዕቃ እስከ 15 በመቶ ልዩ አስተያየት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ በግምገማ ጊዜ ማንም ሊያነሳው አይችልም።

ነፃ ገበያ የምትሰብከው አሜሪካ እንኳ የራሷን ምርት የማስቀደም ሕግ ያወጣችው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቿ ከሕጉ ለመውጣት የሚያቀርቡት ጥያቄ ከነምክንያቱ ለሕዝብ በድረ ገጽ ይወጣል።

የመንግሥት ግዥን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። አዲሱን አዋጅ ስታስፈጽሙ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ልዩ አስተያየቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያልጻፈ የጨረታ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓቱ ላይ እንዳይወጣ ይደረግ። ልዩ አስተያየቱን የተወ መሥሪያ ቤትም ምክንያቱን እዚያው፣ ጨረታው ሳይከፈት፣ ፈርሞ ይለጥፍ፤ አምራቹም ዕቃውን እዚህ መሥራት እንደሚችል አስረድቶ አቤት የሚልበት በቂ ቀን ይሰጠው።

ከአክብሮት ጋር