ደብዳቤውን እንዳለ አንብቢላት

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ይቺን ዐረፍተ ነገር ታስታውሻታለሽ አይደል? የአባዬ ደብዳቤዎች ሁሉ በእሷ ነበር የሚጀምሩት፣ እኛም እንስቅባት ነበር። አሁን እኔው ሌላ መግቢያ አጥቼ እሷኑ እገለብጣለሁ።

መጀመሪያ የአንቺን ጉዳይ ልጨርስ። «ቤትና ቤተሰብ በደራሲያን ሕይወት ውስጥ ስላላቸው ቦታ ለክፍል የማቀርበው ጽሑፍ አለብኝ፣ አንተ እንደሆነ ሌሊቱን ስታነብ ነው የምታድረው፣ እስኪ ምሳሌ ወርወር አድርግልኝ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነትሽን ነው። የሌሊት ጥበቃ ለንባብ የተፈጠረ ሥራ ነው። ሕንፃው ጭር ይላል፣ አንድ መብራት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሊፍት ያለ ሰው የሚወርድ የሚወጣ። እንቅልፍን የማባርረው በመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ሞልቶኛል። በስልክ የማይቻለኝን ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ለእማዬ ስለምጽፍ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።

ምክሬ አንድ ብቻ ነው፤ «ቤት የደራሲ መሠረት ነው» ምናምን ብለሽ አትጀምሪ። ክፍሉ ሙሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚጀምረው። በካፍካ ጀምሪ። ልጅ እያለ አንድ ሌሊት ውሃ ስጡኝ እያለ ያለቅሳል፤ ጠምቶት ብቻ ሳይሆን ትንሽም ለማስቸገር እንደነበር ራሱ ያምናል። አባቱ ከአልጋው አንስቶ በሌሊት ልብሱ በረንዳ ላይ አወጣውና በሩን ዘጋበት። በቃ፣ ይኸው ነው። በ1919፣ የ36 ዓመት ሰው ሆኖ ለአባቱ ደብዳቤ ሲጽፍ ያ በር ገና አልተከፈተለትም ነበር። ደብዳቤው በእጅ ጽሑፍ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ጓደኛው ማክስ ብሮድ እንደሚለው እናቱ ለአባትየው እንድታደርስለት ሰጣት፣ እሷ ግን ሳታደርስ መለሰችለት። ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ በአባትየው ላይ ይፈርዳል። እኔ ግን የማስበው እናትየዋን ነው፤ ያን የሚያክል ወረቀት ተሸክማ በሁለት ክፍሎች መካከል የቆመችውን ሴትዮ። ለማን እንዳዘነች አይታወቅም። ምናልባት ለሁለቱም።

ቤት ሁልጊዜ መጠለያ ነው የሚል ካለ ዲክንስን ጥሪለት። በ1824 አባቱ በዕዳ ታሰረ፣ እሱ በ12 ዓመቱ ፋብሪካ ገብቶ የጫማ ቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። አባቱ ከተፈታ በኋላ እናቱ ልጁ ሥራውን እንዲቀጥል መፈለጓን ዕድሜ ልኩን አልረሳላትም። ነገሩን ለቅርብ ጓደኛው ካልሆነ ለማንም አልተነፈሰም፣ ዓለም የሰማው ከሞተ በኋላ ነው። የሱ መጽሐፎች ውስጥ እንዲያ ሆነው የሚንከራተቱ ልጆች የበዙት ለምን ይመስልሻል? የእኛዋን ሰብለ ወንጌልንም አትርሻት። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለልጃቸው ምኗ ነው? ቤት ነው ወይስ አጥር? ይሄን እንኳ አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ቶልስቶይ ላይ ግን ትንሽ ቆይ በይ። ሁሉም የሚጠቅሳትን የ«አና ካሬኒና» መጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ተያት፣ ሰለቸችን። ሚስቱን ያዢ። ሶፊያ በ18 ዓመቷ አገባችው፣ እሱ 34 ነበር። 13 ልጆች ወለደችለት። «ጦርነትና ሰላም»ን በእጇ የገለበጠችለት እሷ ናት፤ ቀን የቤቱን ጣጣ ስታስተዳድር ትውልና ልጆቹ ሲተኙ በሻማ ትቀመጣለች፣ እሱ ጠዋት ተነስቶ የገለበጠችውን እንደገና ይሰርዝና ይጽፍበታል፣ እሷ እንደገና ትገለብጣለች። ሰባት ጊዜ ነው ይባላል። እኔ ይሄን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ገልብጬ እጄ ዝሏል!

ታዲያ በ1910 ሰውዬው በ82 ዓመቱ አንድ ሌሊት ከሐኪሙ ጋር ሹልክ ብሎ ከቤት ወጣ። ለሶፊያ ደብዳቤ ብቻ ትቶላት። ባቡር ውስጥ ታመመ፣ አስታፖቮ የምትባል ጣቢያ ላይ የጣቢያው ኃላፊ ቤት አስተኙት። እሷም ባቡር ተከራይታ ደረሰች፣ ግን እንዳይረበሽ ተብሎ አላስገቧትም። በዚያን ጊዜ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ውጭ ቆማ በመስኮት ወደ ውስጥ ስታይ። 48 ዓመት አብራው የኖረች ሴት ከሰው ቤት መስኮት ሥር! ያስገቧት ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ፎቶዋን ካየሁ ወዲህ መጽሐፉን ስይዝ በሁለት እጅ የተጻፈ ሆኖ ነው የሚታየኝ። የሚገርምሽ፣ ከቤቱ ሸሽቶ የወጣው ሰው የተቀበረው እዚያው ያስናያ ፖልያና፣ ተወልዶ ያደገበት ርስት ላይ ነው። በልጅነታቸው ታላቅ ወንድሙ «እዚህ ጋ አረንጓዴ በትር ተቀብሯል፣ ሰውን ሁሉ ደስተኛ የሚያደርግ ምስጢር ተጽፎበታል» ይለው የነበረበት ጫካ ውስጥ። እዚያ ቅበሩኝ ያለው ራሱ ነው። ለመሸሽ የፈለገውም ለመመለስ የፈለገውም አንድ ቤት መሆኑ ነው ነገሩ። ይሄ ለኔ ቢጤው ስደተኛ ብዙ አይከብድም፣ ያለማብራሪያ ይገባዋል።

ከደራሲያን ወጣ ካልሽ ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ አለልሽ። ሰው ሁሉ ስለ ቪንሰንት ያወራል፣ እኔ የማዝነው ለቴዎ ነው፤ ለወንድሙ በየጊዜው ገንዘብ ሲልክ ለኖረው። እኛ ላኪዎች እንተዋወቃለን። ቪንሰንት ከ600 በላይ ደብዳቤ ጽፎለታል። ቪንሰንት በ1890 ሐምሌ ሞተ፣ ቴዎ ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ ተከተለው። ከዚያ በኋላ የቀረችው የቴዎ ሚስት ዮ ናት፤ የ28 ዓመት መበለት፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታቅፋ፣ ማንም የማይፈልገው ሥዕል ቤቷን ሞልቶት። ሥዕሎቹን ለሕዝብ ያሳየቻቸው፣ ደብዳቤዎቹን አንብባ በ1914 ያሳተመቻቸው እሷ ናት። ከሩቅ የገባች ምራት። ያቺ ሴት ቤቷ ጠቦኛል ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቫን ጎህ የሚባል ስም አናውቅም ነበር ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ የጽሑፍሽ ጭብጥ ይሄ ይሁን፤ ቤቱን የያዘው ሰው እና መጽሐፉ ላይ ስሙ ያለው ሰው አንድ አይደሉም። አስተማሪሽ ካልተስማማ ከኔ ጋር ይጣላ።

አሁን ወደ አልበርት ካሙ። እሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእማዬ ስለሆነ ነው።

አባቱ በ1914 ጦርነት ላይ ሲሞት አልበርት ዓመት አልሞላውም። አልጄሪያ ውስጥ፣ በአያቱ ቤት ነው ያደገው። እናቱ የሰው ቤት እያጸዳች ታሳድገው ነበር። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ ብዙም አትናገርም፣ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ቤቱ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አልነበረም። ሉዊ ዠርሜን የሚባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ባይኖር ኖሮ አያቱ ሥራ ልታስገባው ነበር። በ1957 ኖቤል ሲሰጠው ለዚያ አስተማሪ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወሬውን ስሰማ ከእናቴ ቀጥሎ ያሰብኩት አንተን ነው አለው። «ከእናቴ ቀጥሎ» የምትለዋን ልብ በያት። ለእናቱ እንደዚያ ያለ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም ነበር። ማን ያነብላታል?

በ1960 ጥር ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ከአደጋው ቦታ ቦርሳው ተገኘ፣ ውስጡ 144 ገጽ በእጅ የተጻፈ፣ ያላለቀ መጽሐፍ ነበር። ስለ ልጅነቱና ስለዚያ ቤት። ልጁ ያሳተመችው በ1994 ነው። መታሰቢያነቱ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይህን መጽሐፍ መቼም ማንበብ ለማትችዪው ለአንቺ፣ ይላል። ለእናቱ። እሷም እሱ በሞተበት ዓመት፣ በ1960 ሞተች።

ይሄን ያነበብኩ ሌሊት ከወንበሬ ተነስቼ ኮሪደሩን ሦስቴ ዞርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንቺ ያኔ ገና ትድሂ ነበር።

አስር ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአባዬ ደብዳቤ መጣ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፣ እማዬ እጇን አድርቃ ትቀመጣለች፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ። ሰላምታውን ጨረስኩ። ከዚያ ዓይኔ ቀድሞኝ ወደ ታች ወረደ፤ «ዘንድሮ አልመጣም፣ ሥራው አላለቀም» ይላል። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷን አይቼ አልቻልኩም። «በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ» ብዬ አነበብኩላት። አፌ ላይ እንዲሁ መጣ። እንዲያውም ሳልጠየቅ «በጣም ናፍቃችሁኛል» ጨመርኩበት፣ አባዬ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም።

እማዬ በማግስቱ አንሶላውን ሁሉ አጠበች። የአባዬን ወንበር ከጠረጴዛው አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። እኔ ሆዴን እየቆረጠኝ ወንበሩን በሩቁ እዞረዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ወረቀቱን አውጥታ «እስኪ ያቺን እመጣለሁ የሚልበትን ድገምልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት፤ «ወሩ ሳያልቅ እመጣለሁ»። ዝም አለች። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና መስመሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ሄደችባቸው፣ ፊደሉን የምታውቀው ሳይሆን የምትዳስሰው ይመስል። አጥፋ መለሰችው። አልተቆጣችም፣ ምንም አላለችም። ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል።

ፊደል ባትቆጥርም ቃል ትቆጥር ነበር፣ ገባሽ? የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አስተያይታ ያዘችኝ።

የሆሜርን ኦዲሴ ስታነቢ ፔኔሎፔ ባሏን የምትፈትንበት ቦታ ላይ ትደርሻለሽ። ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ ፊቷ ቆሟል፣ ወዲያው ተነስታ አታቅፈውም። ለባሏ ሞግዚት «አልጋውን ወደ ውጭ አውጪለት» ትላለች። አልጋው ግን አይነቃነቅም፣ አንደኛው እግሩ ከነሥሩ ቆሞ ያለ የወይራ ግንድ ነው፤ ይህን ከእሷና ከአንዲት አገልጋይ በቀር የሚያውቅ ባልየው ብቻ ነው፣ ሰምቶ ሲቆጣ ነው ያመነችው። አስተማሪዎች ስለዚህ ቦታ ብዙ ይላሉ። እኔ ያየሁት እማዬን ነው። «እስኪ ድገምልኝ» ስትል።

ከዚያ በኋላ አንድም ደብዳቤ ለአንድ ሰው ብቻ አስነብባ አታውቅም። አንቺ ታነቢላታለሽ፣ ከዚያ ወጣ ብላ የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። ሰዉ ወሬ ወዳድ ስለሆነች ይመስለዋል። እኔ ነኝ ያስለመድኳት።

እንግዲህ የመጣሁበትን ልናገር። በስልክ ልነግራት ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። ድምፄ ያሳብቅብኛል፣ ደግሞ እሷ «መቼ ነው?» ስትል አፌ ላይ ያው የድሮው ነገር ሊመጣ ይላል። ስለዚህ ይሄው በጽሑፍ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፣ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለስ አልችልም፣ መቼ እንደሚያልቅም አልነገሩኝም። ታምሜ አይደለም፣ ሥራዬ አለ። የአባዬን ደብዳቤ ያኔ በትክክል አላነበብኩልሽም። እንዳወቅሽ አውቃለሁ።

እህት ዓለም፣ ይቺን እንዳለች አንብቢላት። ፊቷን ሳታዪ አንብቢ፣ ካየሽ እንደኔ ነው የምትሆኚው። ለጎረቤት ልጅ ስትሰጠውም አትከልክያት። ወንበሩን ግን ወደ መስኮቱ እንዳታዞረው።

ወንድምሽ