የኅብረ ዝማሬ ክበባችን ዓመት

ጥቅምት ላይ ስንጀምር 41 ልጆች ነበርን ማለት ይቻላል፤ መሣሪያችን ግን አንድ ከበሮ ብቻ ነበር። ኪቦርድ የለም፣ ጊታር የለም። «ታዲያ በምን ልንሠራ ነው?» ብለው ቅር ያላቸው ብዙ ናቸው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ግን በወጣትነቴ ለዓመታት በኅብረት ዘምሬያለሁና ከምን መጀመር እንዳለብን አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ወር በሙሉ በትንፋሽ አለቀ። አርባ ሰው አንድ ላይ መተንፈስ ካልቻለ አንድ ላይ መዝፈንም አይችልም።

ኅዳር ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከልምምድ በኋላ ቀረችና «ቲቸር፣ መዘምራን መምራት ሥራ ነው እንዴ? ሰው ይኖርበታል?» አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምዱን ትተን ስለዚሁ አወራን።

ስለ ነርሲስ ናልባንዲያን ነገርኳቸው። አርመናዊ ነበሩ፤ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አጎታቸው ኬቮርክ «አርባ ልጆች» የሚባሉትን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ያስተማሩት ሰው ናቸው። ነርሲስ አዲስ አበባ ላይ ባንድ መርተዋል፣ ለቴአትር ሙዚቃ ሠርተዋል፣ መዘምራን አሠልጥነዋል፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። የያሬድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ደግሞ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ይዘው፣ በኋላ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ኦርኬስትራ ይመሩ ነበር፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚለውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ማስታወሻ ስትይዝ ቆይታ «ሁለቱም አስተማሪ ናቸው» አለች። ልክ ናት። መሪነቱ ሰው ፊት የሚታየው ለአንድ ምሽት ነው፤ ኑሮው ክፍል ውስጥ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን የአንድ ተማሪያችን አባት የመጡበት ነው። መሪጌታ ናቸው፣ አቋቋም ማለትም በመቋሚያና በከበሮ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ያስተምራሉ። ጎንደር መቼም የአቋቋም አገር ናት፤ የአቋቋም ትምህርት ቤት ያለባትን የበአታን ቤተ ክርስቲያን የማያውቅ የዜማ ተማሪ የለም። ልጆቹን ቀኝና ግራ አድርገው አቆሟቸው። በመቋሚያ ዝማሜውን አሳዩ፣ ከዚያ ከበሮው የሚገባበትን መረግድ፣ ከዚያ በጭብጨባ የሚፈጥነውን ጽፋት። አንድም ጊዜ «አንድ፣ ሁለት» አላሉም። መቋሚያው ዘንበል ሲል ሁሉም ያውቃል። እኔ ወር ሙሉ በጩኸት ስቆጥር የነበርኩትን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩት። በእጅ ብቻ መምራት ጀመርን፤ ለአራት ምት ወደ ታች፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ።

ጥር ያው የጎንደር ጥር ነው። ከጥምቀት በኋላ ግማሹ ልጅ ከፋሲል መዋኛ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። ሁለት ሳምንት አረፍን። ሌላው ችግራችን የወንዶቹ ድምፅ መጎርነን ነበር። ድምፁ በመሃል የተሰበረበት ልጅ ያፍርና ይቀራል። ስድስት ልጆች እንደዚህ አጣን። ቀድሜ ላስረዳቸው ይገባ ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥታ የመራችን ያቺው የ11ኛ ክፍል ልጅ ነች። የመጀመሪያውን ዜማ በአምባሰል ቅኝት፣ ሁለተኛውን በባቲ ቅኝት አቀረብን። ሁለተኛው ላይ አልቶዎቹ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የሚዘምሩት፣ መግቢያቸውን ሳቱ። ልጅቷ አልደነገጠችም። በቀኝ እጇ ምቱን ሳትለቅ በግራዋ ጠበቀቻቸው፣ ዓይናቸውን ያዘች፣ በሚቀጥለው ዙር አስገባቻቸው። ከወላጆች መሃል ማንም ያወቀ አይመስለኝም። እኛ ግን አውቀናል። ከመድረክ ስትወርድ አልቶዎቹ ተሸክመዋት ነበር።

መስከረም ላይ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንቀጥላለን። ሶፕራኖ፣ ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ፣ ሞልቶናል። ድምፃችሁ እየጎረነነ ያላችሁ ወንዶች፣ በተለይ እናንተ ኑ። ባስ፣ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ፣ የለንም።