ባለ ሁለት መክሊቱም እኩል ተመሰገነ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ጎንደር።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? እማዬ እንዴት ናት? አባባስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዴንቨር ብርዱ ገብቷል። ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።

በድምፅ የላክልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «የተማሪዎቹን ደብተር አንብቤ ባርም፣ ሳላነብ ራይት ባደርግ፣ ደመወዙ ያው ነው። ጎበዝ መሆን ምን አተረፈልኝ?» ብለሃል። በስልክ ልመልስልህ አልፈለግኩም። የስልክ ወሬ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ አንተም ቶሎ ትናደዳለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ስለ ደመወዙ። እውነትህን ነው፤ በመምህር ደመወዝ ኪራይ ከፍሎ ጤፍ መግዛት ከባድ ነው። ይጨመርልኝ ማለትህም ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ይገባል ብሎ ጽፏል። «ክርስቲያን አይደለህ? ዝም ብለህ ሥራ» የሚልህን ሰው አትስማው። ግን የደመወዙ ጉዳይ ከአሠሪህ ጋር ነው። ደብተሩን ያስረከበህ ልጁ ነው። ከልጁ ጋር ምን ጠብ አለህ?

ቆላስይስ ምዕራፍ 3 ላይ ያለውን ታውቀዋለህ፤ «የምታደርጉትን ሁሉ በትጋት አድርጉት» የሚለውን፣ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ እያለ። ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ እንሰማዋለን። ለማን እንደተጻፈ ግን አንድ መስመር ከፍ ብለህ አንብብ። ለባሪያዎች ነው። ደመወዝም፣ እድገትም፣ ምስጋናም ለማይጠብቁ ሰዎች። ጳውሎስ ጌታቸው ሌላ መሆኑን ነገራቸው፤ ርስትን ብድራት አድርጎ የሚሰጣቸው እርሱ እንደሆነ። እኔ ይህን ቃል ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው የማስበው።

የምሠራውን ታውቃለህ፣ ሆስፒታል ጽዳት ነው። ክፍል ስናጸዳ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ነው የምንሄደው። የሰው እጅ የሚያርፍበት ሁሉ ይጠረጋል፤ የአልጋው ብረት፣ የነርስ መጥሪያው፣ የበሩ እጀታ፣ የመብራት ማብሪያው። ኬሚካሉ ደግሞ ተቀብቶ ወዲያው አይደረቅም። ጀርሙን እንዲገድል፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ክፉ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ። እሱንማ የእጅ አልኮል አይገድለውም። ክፍሉ በረኪና ያለበት ኬሚካል፣ እጅ ደግሞ ሳሙናና ውኃ ይፈልጋል። ደቂቃውን ጠብቄ ብጠርገውም፣ ቶሎ ወልወል አድርጌው ብወጣም፣ አልጋው ለዓይን አንድ ነው፤ ያብረቀርቃል። አለቃም አያውቅም። ልዩነቱ የሚደርሰው ነገ እዚያ አልጋ ላይ ለሚተኛው በሽተኛ ነው። ስሙንም አላውቀውም። እኔ ለእሱ ነው የምጠብቀው። ያንን ሰው እግዚአብሔር ያውቀዋልና።

ይህ ነገር ደግሞ ፈረንጅ አገር የተማርኩት እንዳይመስልህ። እዚያው ጎንደር፣ በአታ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባ ተማሪዎች አስባቸው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ለምነው ነው የሚበሉት። ግን ዜማው፣ የመቋሚያው ውዝዋዜ፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የእግሩ አረማመድ ሁሉ መግጠም አለበት። ካልገጠመ የኔታ ያስደግሙታል። ይደግማል። ከዚያ በሌሊት ገብቶ ይቆማል፤ አብዛኛው ምእመን አንዲት ዜማ ብትሳሳት አይለይም። እሱ ግን «ሕዝቡ መች ያውቅና» ብሎ አያሳጥርም። ቆሞ ሲዘምር የሚሰማው ማን እንደሆነ ያውቃል። እኔ በሕይወቴ ካየሁት ጉብዝና ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ አጎታችን ልጅ ልምጣ። ያዘንክበት ዋናው ነገር እሱ እንደሆነ ከድምፅህ ገብቶኛል። አብራችሁ ተምራችሁ፣ እሱ አዲስ አበባ ገብቶ መኪና ገዛ፤ አንተ ጠመኔ ይዘህ ቀረህ። ማቴዎስ 25ን አንብበው። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ፣ «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ይላል። ባለ አምስቱ አሥር አደረገ። ባለ ሁለቱ አራት አደረገ። ታዲያ ምስጋናው ለሁለቱም ቃል በቃል አንድ ነው፤ በጎ፣ ታማኝ ባሪያ፣ ወደ ጌታህ ደስታ ግባ። ለምን ስድስት አነሰህ ያለው የለም። የተወቀሰው የቀበረው ብቻ ነው። አንተ ሳይንስ ለልጅ እንዲገባ አድርገህ ማስረዳት ተሰጥቶሃል። ይህን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፈተና ሲደርስ አንተ ጋ ነበር የሚመጣው። እባክህ አትቅበረው።

አንድ ነገር ግን እፈራልሃለሁ። ጎበዝ ልሁን ሲሉ በሥራ የሚጠፉ አሉ። እዚህ በየቀኑ አያለሁ። ድርብ ሺፍት ይዘው እሑድን ሸጠው ጨርሰዋል፤ ልጆቻቸውን የሚያዩት ተኝተው ነው። ነቢዩ ዳንኤልን ተመልከት፣ እሱም እንደኔ በሰው አገር ነበር። ጠላቶቹ በመንግሥት ሥራው እንከን ፈልገው አጡበት። ያው ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር፤ የአንበሳ ጉድጓድ እንኳን አላስቀረውም። ስለዚህ ደብተሩን አርም፣ ቅዳሴህን ግን አትተው። ደክሞህ ያልታረመ ደብተር ቢተርፍም ተኛ። እግዚአብሔር የሚወድህ ስለጎበዝክ አይደለም።

ከዚህ ጎረቤቴ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ትመጣለች። የሰው አካል ክፍሎችን የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ገዝቼልሃለሁ፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነውና አማርኛውን አንተ ጻፍበት። ማጉሊያ መነጽርም አለ። ከዚህ ሌላ ለክፍልህ የሚያስፈልግህ ካለ ቶሎ ንገረኝ፤ ሻንጣዋ ገና ቦታ አለው። የእማዬን የደም ግፊት መለኪያም እልካለሁ፣ አለካኩን አንተ አሳያት። አባባን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ እህትህ